የልጄ ሱሪና የጎረቤታችን ሳጥን

አባትና ልጅን ለሁለት ሳምንት የሚያኳርፍ ነገር የግድ ትልቅ መሆን የለበትም። ሴት ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በእኛ ቤት ምክንያቱ ሱሪ ነበር።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው። በስልኳ ያሳየችኝ ፎቶ ዣን ሉክ ጎዳር በ1952 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1960) ካወጣው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ዣን ሲበርግ ጸጉሯን እንደ ወንድ ልጅ ተቆርጣ በፓሪስ ጎዳና ጋዜጣ ትሸጣለች። ሱሪዋ ከታች ጠበብ ብሎ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያበቃል። ጫማዋ ተረከዝ የለውም። ሌላ የሚብለጨለጭ ነገር አላየሁባትም። ልጄ እንደዚሁ ያለ ማሰፋት ፈለገች። አባቷ «የፈረንሳይ ሱሪ ነው፤ የእኛ አይደለም» ብሎ ቆረጠ። (ሲበርግ እንኳ አሜሪካዊት ናት፤ ፈረንሳዮቹም የወደዱት በሰው አገር ልጅ ላይ አይተው ነው።)

የምንኖረው ሐረሪዎች አሱም በሪ በሚሉት በፈላና በር አጠገብ ነው። ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ የሐረሪ እናት ናቸው። ኩርፊያውን ሰምተው ጠሩኝና ከሳጥናቸው ጌይ ገናፊያቸውን አወጡ። የሐረሪ ሴቶች ከቀሚስ ሥር የሚለብሱት ሱሪ ነው፤ ከታች ጠባብ፣ ጫፉ በጥልፍ ያጌጠ። ጥልፉ የሚታየው ከቀሚሱ ጠርዝ በታች፣ ልክ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። «እኔ ስዳር የለበስኩት ታዲያ ምን ነበር?» ብለው ሳቁ።

ይህን ለባለቤቴ ነገርኩት። «እሳቸው ከላይ ቀሚስ ነበራቸው» አለ። እውነቱን ነው፤ ልዩነት አለው። ልጄም ረዘም ያለ ሸሚዝ ከላይ ለመደረብ ተስማማች። ግን ሴት ልጅና ሱሪ አይተዋወቁም የሚለው ክርክር ሐረር ላይ አያስኬድም።

ከዚያ በኋላ ሰልባጅ ተራ ሄደን መግዛት እንችል ነበር፤ ርካሽም ነው። እኔ ግን መሰፋቱን መረጥኩ፤ የሚሰፋ ልብስ ሰው ያነጋግራላ! ባለቤቴ ደግሞ ጨርቅ ያውቃል። «መምረጡን ላንተ ትተናል» አልኩት።

ሦስታችንም በፈላና በር ገብተን፣ ፈረስ መጋላ ደርሰን ወደ መኪና ግርግር ወረድን። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው ሲሰፉ እዚያ መኳረፍ ራሱ ያስቸግራል፤ ለመደማመጥ ጠጋ ማለት ያስፈልጋላ። ባለቤቴ የሚለጠጠውን ጨርቅ ሁሉ በጣቱ እየነካ መለሰው። በመጨረሻ ጠንከር ያለ ጥቁር ሰማያዊ ጋባርዲን አንድ ሜትር ተኩል አስቆረጠ። ወገቡ ከፍ እንዲል፣ ኪሱም እጅ የሚያስገባ እንዲሆን ያዘዘው እሱ ነው።

ልብስ ሰፊው የእግሩን ርዝመት ለክቶ ሊጽፍ ሲል ባለቤቴ አስቆመው።

«ከታች 4 ሴንቲ እጠፍበት፤ ስታድግ ይለቀቃል።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ማደግ ካቆምኩ ቆየሁ» አለችው።

ልብስ ሰፊው ሁለቱንም አየና 4 ብሎ ጻፈ።