ድፍረትና ሙያ በሞተር ብስክሌት ኮርቻ ላይ

በአገራችን ፈረሰኛን የማድነቅ ልማድ ጥንታዊ ነው። ጀግናው ከገዛ ስሙ ይልቅ በፈረሱ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸውን የማያውቅ የለም። ሆኖም ስለ ፈረሰኛ ሲወራ ዘወትር የሚነሣው ልበ ሙሉነቱ ነው። ያ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በሜዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ተለማመደ፣ ማን እንዳረመው፣ ጉግስ ከመግባቱ በፊት የልጓም አያያዝን ምን ያህል ዘመን እንዳጠና ግን እምብዛም አይነገርም። ድፍረቱን እናያለን፤ ሙያውን አናይም።

ይህ አመለካከት የፈረስ ዘመን ሲያልፍ አብሮ አላለፈም። ሕዝቡ ከድምፁ ተነሥቶ «ዶቅዶቄ» ብሎ ወደ ሰየመው ሞተር ብስክሌትም ተሻግሯል። ስለ አንድ ጎበዝ ሞተረኛ ሲነገር «ደፋር ነው» ይባላል እንጂ «በሚገባ የተማረ ነው» አይባልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን አስተሳሰብ በጥሞና መመርመር ነው። መነሻ የሚሆነኝም በካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ፣ ለሕዝብ መተላለፊያ ባልሆነ ዝግ የእሽቅድምድም መንገድ ላይ ያየሁትና የተማርኩት ነው።

እኔ የሥዕል መምህር ነኝ። በሎስ አንጀለስ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ከተማዋ የተንጣለለች፣ መንገዶቿ በመኪና የተጨናነቁ በመሆናቸው ወደ ሥራዬ የምመላለሰው በሞተር ብስክሌት ነው። እንደ እኔው ሞተረኛ የሆነ አንድ የአገሬ ሰው ወዳጅ ነበረኝ። በእሑድ ጧት በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በሚጠራው ሠፈር ቡና እንጠጣና እርሱ ወደ ተራራው መንገድ ይወጣ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሳይመለስ ቀረ። ሌላ ተሽከርካሪ አልነካውም፤ አስፋልቱም ደረቅ ነበር። ኩርባው እየጠበበ በሄደበት ቦታ ከመንገዱ ወጥቶ ሞተ።

በለቅሶው ቤት ገሚሱ «ዕድሉ ነው» አለ፤ ገሚሱ «ፍጥነት ነው» አለ። እናቱ ግን ከአዲስ አበባ በስልክ ያቀረቡልኝ ጥያቄ ከሁሉ የተለየ ነበር። «ልጄ፣ ለመሆኑ ይህንን ነገር ማን አስተማረው?» አሉኝ። ወዳጄ ያስተማረው ሰው እንዳልነበረ አውቃለሁ። እንደ ብዙዎቻችን ገዝቶ፣ ወጥቶ፣ ለምዶ ነበር። የእኒህ እናት ጥያቄ ነው ወደ በረሃው ትምህርት ቤት የመራኝ።

ጥያቄያቸውን ሳይንስም ቀደም ብሎ ጠይቆት እንደ ነበር የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርትና የሥራ ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በሥፍራው ተገኝተው መርምረው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ዘገባቸውን አወጡ። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረጉ ግጭቶች ነበሩ፤ ከነዚህም በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የነፈገው ሌላው ተሽከርካሪ ነበር። ስለሆነም ጥፋቱን ሁሉ በሞተረኛው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ዘገባው ስለ ሞተረኞቹም የሚለው አለው። ከመቶው 92ቱ መንዳትን የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተ ሰብና ከጓደኛ ነበር። አደጋውን ለማምለጥ የነበራቸው ጊዜ እንደ ደንቡ ከሁለት ሰኮንድ ያነሰ ነው። በዚያች ቅጽበት ብዙዎቹ የኋላውን ፍሬን ረግጠው ጎማውን ሲያንሸራትቱ፣ ይበልጥ የሚያቆመውን የፊቱን ፍሬን በበቂ አልተጠቀሙበትም። መሪውን አውቆ በመግፋት ከአደጋው ዘወር የማለት ችሎታ ከነጭራሹ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። በሁለት ሰኮንድ ውስጥ ማንም ሰው አዲስ ነገር አይማርም። በዚያች ቅጽበት የሚወጣው ቀድሞ በእጅና በዓይን ውስጥ የገባው ብቻ ነው። ጥያቄው እንግዲህ የት ይግባ የሚል ይሆናል።

ትምህርቱን የተከታተልኩት ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሞሃቪ በረሃ ውስጥ ሮዛመንድ ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በዊሎ ስፕሪንግስ ነው። ይህ መንገድ በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ የዋናው ዙር ርዝመት 4 ኪሎ ሜትር፣ የኩርባዎቹም ቁጥር 9 ነው። ዝግ መንገድ ማለት ከፊት ለፊት መኪና የማይመጣበት፣ እግረኛና እንስሳ የማይሻገርበት፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት ነው። በየማዕዘኑ ባንዲራ የያዙ ሰዎች ይቆማሉ፤ ቢጫው ጥንቃቄን፣ ቀዩ የዙሩን መቋረጥ ያመለክታል። አምቡላንስም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሥዕል ተማሪ የሚሳሳትበት ብዙ ወረቀት እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ ሞተረኛም ያንኑ ኩርባ ደጋግሞ የሚሞክርበት ስፍራ ያስፈልገዋል። የተራራው መንገድ ግን ለአንድ ሰው አንድ ወረቀት ብቻ ነው የሚሰጠው።

ጧት በመጀመሪያ የሚደረገው ምርመራ ነው። የጎማው አየር፣ የሰንሰለቱ ውጥረት፣ የፍሬኑ ሸራ ይታያል። የፊትና የኋላ መብራቶች በፕላስተር ይሸፈናሉ፤ ቢሰበሩ መስተዋታቸው እንዳይበተን፣ ደግሞም ከኋላ ያለው ሰው የፊተኛውን የፍሬን መብራት እያየ እንዳይነዳ ነው። መመልከቻ መስተዋቶችም ይሸፈናሉ ወይም ይነቀላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እዚያ ቦታ የእያንዳንዱ ሰው ኃላፊነት ወደ ፊቱ ነው፤ የሚቀድም ሰው ነው ለሚቀደመው የሚጠነቀቅ። ከዚያ በኋላ ተማሪዎች እንደ ችሎታቸው በሦስት ምድብ ይከፈላሉ። አንዱ ምድብ 20 ደቂቃ ሲነዳ ሌላው በክፍል ውስጥ ይማራል፤ ሦስተኛው ያርፋል፣ ውሃም ይጠጣል። ቀኑ በዚህ ሥርዓት ይመሻል።

በክፍል ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይሰጣል። በመንገዱ ላይም የሚሠራው ያ አንድ ነገር ብቻ ነው። በአንዱ ዙር ዓይን፣ በሌላው መስመር፣ በሌላው መሪ፣ በሌላው ፍሬን። መምህራችን ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ ሴት ነበሩ። ጥቂት ዙር ከኋላ ተከትለው ይመለከታሉ፤ ከዚያ አልፈው ይወጡና የኮርቻቸውን ጭራ በእጃቸው መታ መታ በማድረግ «ተከተለኝ» ይላሉ። ዙሩ ሲያበቃ የሚነግሩት እርማት ከአንድ አይበልጥም። ይህንን ሳይ የዜማ ቤት ትዝ አለኝ። የኔታም ደቀ መዝሙሩ ሲያዜም ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና የሰበራትን አንዲት ቃና ብቻ ያስደግሙታል። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚያርም መምህር ምንም አያርምም።

የመጀመሪያው ትምህርት የዓይን ነው። ሰው ወደሚያየው ይሄዳል። የደነገጠ ሰው ግን የሚያየው የፈራውን ነው፤ ዓይኑን በመንገዱ ዳር በአለው ድንጋይ ላይ ይተክላል፤ እጁም ዓይኑን ይከተላል። ስለዚህ ተማሪው ወደ ኩርባው ከመግባቱ በፊት የመግቢያውን ምልክት፣ ቀጥሎ የኩርባውን የውስጥ ጠርዝ፣ ከዚያም መውጫውን በየተራ እንዲያይ፣ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ቀጣዩ እንዲያልፍ ይለማመዳል። አስፋልቱ ላይ የተለጠፉ ምልክቶች ይረዱታል። ከሰዓት በኋላ ምልክቶቹ ቢነሡም ዓይኑ ሥፍራቸውን አይረሳም።

ሁለተኛው የመስመር ትምህርት ነው። ለሥዕል መምህር ከዚህ የበለጠ የሚጥም ነገር የለም። በ72 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ሬዲየሱ 40 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ የሚሄድ ሞተር ብስክሌት 45 ዲግሪ ያህል ማጋደል ግድ ይሆንበታል። ነጂው ከውጭ ጠርዝ ገብቶ፣ ውስጡን ነክቶ፣ ወደ ውጭ በመውጣት የሚጓዝበትን ቅስት ወደ 60 ሜትር ቢያሰፋው፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ 34 ዲግሪ ይበቃዋል። ያተረፈው ልዩነት ለጎማው የመጠባበቂያ ኃይል ነው። ይሁንና መምህራችን አጥብቀው ያስጠነቀቁን ነገር አለ። በሕዝብ መንገድ ላይ የሞተረኛው ሸራ የራሱ ረድፍ ብቻ ነው፤ ከመካከለኛው መስመር ወዲያ ያለው የሌላ ሰው ነው። እዚያ ጠቃሚ የሚሆነው ወደ ኩርባው ዘግይቶ መታጠፍ ነው፤ ዘግይቶ የሚታጠፍ ሰው የኩርባውን መጨረሻ አይቶ ይገባልና። እየጠበበ የሚሄደውን ኩርባ አስቀድሞ የሚያሳየውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ለሰሚው እንግዳ ነው። ከዝግታ በላቀ ፍጥነት ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የመሪው ቀኝ እጀታ ወደ ፊት ይገፋል። ጎማው ለቅጽበት ወደ ግራ ሲያይ፣ ሞተር ብስክሌቱ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ወደ ቀኝም ይታጠፋል። ነገሩ ከብስክሌት ጀምሮ የነበረ ነው። አውሮፕላን ከመሥራቱ በፊት ብስክሌት ሠሪ የነበረው ዊልበር ራይት፣ ሰዎች ሁሉ ይህንን እያደረጉ እንደሚያደርጉት ግን እንደማያውቁ አስተውሎ ነበር። ሳያውቁ የሚያደርጉት ነገር በሰላም ጊዜ ይሠራል፤ በጭንቅ ጊዜ ግን ይጠፋል። ትምህርት የተደበቀውን ልማድ ወደ ዕውቀት ያወጣዋል።

ቀጥሎ የፍሬንና የነዳጅ መስጫ ሥራ ይመጣል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ የተጫነው ጎማ መንገዱን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ የፊቱ ፍሬን በድንገት አይጨበጥም፤ ክብደቱ እስኪደርስለት ድረስ ለስለስ ተብሎ ይጀመርና እየጠነከረ ይሄዳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆንም በቃል ሳይሆን ሜዳው ላይ በተተከሉ ምልክቶች ታየ። በኩርባው መካከል ነዳጅ መስጫውን በድንጋጤ መልቀቅም ክብደቱን ባልተፈለገበት ሰዓት ወደ ፊት ይወረውራል። ፍርሃት የሚመክረው ግን ልክ ይህንኑ ነው፤ ጨብጥ፣ ልቀቅ፣ ድንጋዩን ተመልከት ይላል። ፍርሃት ጥሩ ደወል ነው፤ ጥሩ መምህር ግን አይደለም።

ይህንን በሥርዓት ካስተማሩት ሰዎች አንዱ ኪት ኮድ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤት የከፈተ ሲሆን፣ በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ የሰውን ትኩረት በአንድ አሥር ዶላር ይመስለዋል። ጀማሪው ሞተሩ ሳይጠፋበት ፍሪሲዮን ለመልቀቅ ብቻ ዘጠኙን ያወጣል፤ የለመደው በሳንቲም ይገዛዋል፤ ቀሪውም መንገዱን ለማየት ይተርፈዋል። በእኔ አስተያየት የልምምድ ሁሉ ትርጉም ከዚህ በተሻለ አልተገለጸም። ሠዓሊው እርሳስ ስለ መያዝ ማሰብ ሲያቆም ነው የሚስለውን ሰው ፊት ማየት የሚጀምረው።

ከዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ይህ ሁሉ ትምህርት ሰውን ይበልጥ እንዲዳፈር አያደርገውምን? በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በኖርዌይ መኪና ነጂዎች በሚያዳልጥ መንገድ ላይ እንዲሠለጥኑ በተደረገ ጊዜ፣ የወጣት ወንዶች አደጋ ቀነሰ ከማለት ይልቅ ጨምሮ ተገኝቷል። ችሎታቸው ካደገው በላይ በችሎታቸው ላይ ያላቸው እምነት አድጎ ነበርና። ታላላቆቹም ቢሆኑ ከመውደቅ አልዳኑም። ከኪት ኮድ ተማሪዎች አንዱ የነበረው ዌይን ሬይኒ በ1990፣ በ1991 እና በ1992 የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በ1993 በኢጣሊያ ሚሳኖ ላይ ወድቆ ከደረቱ በታች ሽባ ሆኗል። ዝግ መንገድ ላይ ቅድሚያ የሚነፍግ መኪና የለም፤ በመንገድ ላይ ግን አለ። ስለዚህ ከዚያ የተመለሰ ሰው ፍጥነትን ይዞ ከወጣ ትምህርቱ ከንቱ ነው። ይዞ መውጣት ያለበት የችሎታውን ድንበር ዕውቀት ነው። ድንበሩን በዓይኑ ያየ ሰው ከዚያ ራቅ ብሎ ይነዳል፤ ያላየው ሰው ግን ድንበሩን የሚያገኘው ካለፈው በኋላ ነው።

ሌላው ቁም ነገር የዕድል ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ቀን ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የቆዳ ልብሱ፣ ጎማው፣ ክፍያው ለሁሉ አይደረስም። ሆኖም የትምህርቱ እምብርት የእሽቅድምድም መንገድ አይፈልግም። በአሜሪካ በ1973 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሞተር ብስክሌት ደኅንነት ድርጅት ጀማሪዎችን የሚያስተምረው በመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ ነው። በገጠራችን የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው በጠጠር መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት ይነዳል። አንድ ባዶ ሜዳ፣ ጥቂት በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች፣ የሚያይና የሚያርም አንድ ሰው ቢገኝ ፍሬን አያያዝን፣ የዓይን አጠቃቀምንና ዘወር ማለትን በአንድ ቅዳሜ ማስተማር ይቻላል። ጎደለ የምንለው ብዙውን ጊዜ ሜዳው አይደለም፤ ይህ ነገር የሚማሩት ሙያ ነው የሚለው እምነት ነው።

ድፍረት ሰውን ኮርቻ ላይ ያወጣዋል፤ ይህንን የሚክድ የለም። ኮርቻው ላይ የሚያቆየው ግን ሌላ ነው፤ እርሱም በትዕግሥት የታረመ እጅና ሩቅ የሚያይ ዓይን ነው። መምህር፣ የሥነ ጥበብ ሰው፣ የሕዝብ አገልጋይ የሆነ ሁሉ በየሙያው ይህንን ያውቃል። የቀረን ነገር ቢኖር ልጆቻችን በየመንገዱ በሚነዱት ሞተር ላይም ያንኑ ሕግ ሥራ ላይ ማዋልና፣ አንድ ወጣት ቁልፍ ጨብጦ ሲወጣ «አይዞህ» ከማለታችን አስቀድመን ማን እንዳስተማረው መጠየቅ ነው።