«አሞኝ አያውቅም»

ጋሼ የደም ግፊታቸውን የሚለኩት በራሳቸው ነበር። በራሳቸው ስል በጭንቅላታቸው ማለቴ ነው። ማጅራታቸውን ሲጨመድዳቸው «ዛሬ ደም ብዛቴ ተነሥቷል» ይሉና ከኮመዲኖው መሳቢያ አንዲት ኪኒን አውጥተው ይውጣሉ። ሕመሙ ሲተዋቸው ኪኒኑም ይቀራል። ሐኪም ለአንድ ወር ያዘዘላቸው መድኃኒት ስድስት ወር ይቆይላቸው ነበር፤ እኛም የአባቴን ታላቅ ወንድም ስለ ቁጥብነታቸው ስናደንቃቸው ኖርን።

መቼም ስም ሰውን ያሳስታል። «ደም ብዛት» ስንል ደሙ የበዛ ይመስለናል፤ ደሙን «ለማቅጠን» ነጭ ሽንኩርት የሚያኝከው፣ ዋግምት የሚታገመው ብዙ ነው። የበዛው ግን ደሙ ሳይሆን የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። «ኩላሊቴን አመመኝ» ስንልም አብዛኛውን ጊዜ ያመመን ወገባችን ነው። ግፊት የሚጎዳው ኩላሊት ወገብ አይቆርጥም፤ ዝም ብሎ ይሠራል፣ ዝም ብሎም ይደክማል።

ልብ ከሚረጨው ደም አምስተኛው ያህል፣ በየደቂቃው አንድ ሊትር ገደማ፣ ጭብጥ በሚያህሉት ሁለት ኩላሊቶች ያልፋል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ፤ ወደ ማጣሪያው የሚገባው የደም ሥር ከፀጉር ይቀጥናል። ግፊቱ ለዓመታት ሲበረታበት ይህ ሥር ግድግዳውን ያወፍራል። ግድግዳው ሲወፍር መተላለፊያው ይጠባል፤ ማጣሪያውም ደም አጥሮት ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ ወደ ማጣሪያነት አይመለስም። ይባስ ብሎ ግፊትን ከሚቆጣጠሩት አካላት አንዱ ራሱ ኩላሊት ነው። ሲጎዳ ጨውና ውኃ ያጠራቅማል፤ ግፊቱም ይብሳል። ዘበኛው ለሌባው በር ከፈተ ማለት ነው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1944 እ.ኤ.አ. ሲመረመሩ ግፊታቸው 186 በ108 ነበር። በዓመቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ። ያኔ የረባ መድኃኒት አልነበረም፤ ሽንት የሚያበዛው ክሎሮታያዛይድ እንኳ የመጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። የጋሼ መድኃኒት ግን መሳቢያቸው ውስጥ ነበር።

በመጨረሻ ያስጠረጠራቸው የሽንታቸው አረፋና የቁርጭምጭሚታቸው እብጠት ነው። ይዣቸው ሄድኩ። ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን፣ ደማቸው ውስጥ ከልኩ ያለፈ ክሬአቲኒን ተገኘ።

«ስንት ዓመት ሆነዎት?» አላቸው ሐኪሙ።

«ከምኑ?»

«ግፊቱ ከጀመረዎት።»

«አሞኝ አያውቅም እኮ ልጄ!»

ከዚያ ሌላ ጉድ ወጣ። ጋሼ ወገባቸውን በቆረጣቸው ቁጥር «ለኩላሊቴ» እያሉ ዳይክሎፌናክ ይገዙ ኖሯል። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዲህ ያለው ማስታገሻ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የደከመ ኩላሊትንም ይጎዳል። ለኩላሊታቸው የገዙት ኩላሊታቸውን ሲበላ ከርሟል! የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማትረፍ ኪኒኑ በየቀኑ፣ ራስ ቢያምም ባያምም፣ ይዋጣል ተባለ። ያ ካልሆነ የሚጠብቃቸው እጥበት ነው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር መታሰር።

እኔም በዚያው ሰሞን ክንዴን ለመለኪያው ሰጠሁ። 150 በ95። በሌላ ቀን፣ በሌላም ቀን ተለካሁ፤ ያው ነው። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ! የትም ቦታ አላመመኝም። ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን አለመገኘቱን ስሰማ ብቻ ነው ትንፋሼ የተመለሰው፤ በየዓመቱ እንድመረመር ተነግሮኛል።

ከኪኒኑ ይልቅ የከበደኝ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃዋል ይላል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አትሞላም። በእኛ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ደግሞ ይቀመስና «አልጫ ሆነ» ተብሎ ይጨመራል። አገር ቤት ቡናው ሳይቀር በጨው ይጠጣል። እናቴ ጨው የሌለበት ሽሮ እንድታዘጋጅልኝ ስለምናት እንደ ስድብ ቆጥራው ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

አሁን ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጋሼ ይደውሉልኛል።

«ዋጥሽ?»

«ውጫለሁ። እርስዎስ?»

ወዲያው አይመልሱልኝም። በስልኩ ውስጥ የኮመዲኖው መሳቢያ ሲከፈት ይሰማኛል።