ስቡን ገዝቶ ማጠብ

የተቆላ የተፈጨ ሥጋ ማጥለያ ላይ አድርጌ የፈላ ውሃ ሳፈስበት ያዩኝ ጎረቤቴ፣ «ምነው ልጄ፣ ሥጋ እንደ ጎመን ይታጠባል እንዴ?» አሉኝ። «ሐኪሞች ያመጡት ዘዴ ነው» ብዬ አፌን ሞልቼ መለስኩ። የትኞቹ ሐኪሞች ቢሉኝ ግን ጉዴ ፈልቶ ነበር። ማጣራት ግድ ሆነ።

ሐኪሞቹስ አሉ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ስሞልና ባልደረቦቹ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1991 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አውጥተውታል። የሚገርመው፣ ስቡን ለማስወጣት መጀመሪያ ዘይት ይጨምራሉ! ሥጋው በአትክልት ዘይት ውስጥ ሲሞቅ የከብቱ ስብ ይቀልጥና ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል፤ ከኮሌስትሮሉም የተወሰነው አብሮ ይወጣል። ከዚያ ይጠለላል፣ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ጣዕሙ እንዳይቀርም ከላይ የሰፈፈውን ቅባት ገፍፈው መረቁን ለሥጋው ይመልሱለታል።

የፈላ ውሃም እንደ አገሩ ነው። ከባሕር ጠርዝ ያለችው ቦስተን 100 ዲግሪ ላይ ታፈላለች፤ ወደ 2000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለችው የወላይታዋ ሶዶ ደግሞ 93 ገደማ ላይ። ግድ የለም፣ የበሬ ስብ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ይቀልጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ካጠባችሁት ግን ነጭ ሆኖ እዚያው ሥጋው ላይ ይረጋል። እጣቢውንም ሳፋ ውስጥ እንጂ ቱቦ ውስጥ አትድፉት፤ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲያገኘው ረግቶ ይደፍንላችኋል።

ወላይታ ውስጥ ግን ይህን ጮክ ብሎ ማውራት ያሳፍራል። ሰንጋው ከቤት ታስሮ የእንሰት ቅጠሉ፣ የስኳር ድንች ሐረጉ እየቀረበለት ለወራት የሚቀለበው ለምን ሆነና? ጮማ እንዲያወጣ ነው! ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ ወንዶቹ ለሰንጋው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ። ጥሬው ከዳጣ ጋር ሲቀርብም እጅ የሚሻማው ጮማው ላይ ነው። ስቡ ወደ ቢጫነት ካደላ ደግሞ ከለምለሙ መኖ የመጣ ካሮቲን ነው። እንዲህ ያለውን ስብ በማጥለያ ማፍሰስ ነውር ነው ባይ ነኝ።

ቂሜም ከሰንጋው ጋር ሳይሆን ከአንድ ልኳንዳ ጋር ነው። «ቀይ ብቻ» ብዬ ያስመዘንኩት ሥጋ ወደ መፍጫው ሲገባ፣ ከየት መጣ የማይባል እፍኝ ሞራ ይከተለዋል። ከተፈጨ በኋላ ሁሉም ሮዝ ነው፤ ማን ይመሰክራል? ድስቱ ይመሰክራል። ቀይ ሥጋ ውሃውን ሲጨርስ ታች መያዝ ይጀምራል፤ ሞራ የገባበት ግን በራሱ ቅባት ይዋኛል። ክትፎ ቤቶች እንኳ ጅማቱንና ስቡን ለቅመው ካወጡ በኋላ ነው ቅቤ የሚያፈሱበት። ቢያንስ የእነሱ በግልጽ ነው።

እስኪ ሒሳቡን እዩት፦ ስቡን በሥጋ ዋጋ እገዛለሁ፣ ለማስወጣት ዘይት እጨምራለሁ፣ ለማጠብ ከሰል አነዳለሁ። የቦስተኖቹ ያሳሰባቸው ልብ ስለሆነ ኪሴን አላሰቡልኝም። ስብ የሚያሰጋው ሰው ቀዩን መርጦ ራሱ ይክተፍ፤ ከገዛ ቢላው ሥር ሞራ አይደበቅበትም። የሚያስፈጭ ግን ዓይኑን ከመፍጫው አይንቀል፤ ከነቀለ ውሃውን ከወዲሁ ይጣድ።