ከአፍ የወጣ አፋፍ፦ ስለ ገመናና ስለ ፌስቡክ



«ሕዝባችን ስለ ግላዊነት ግንዛቤ የለውም» የሚል ወቀሳ ከተማሩ ወገኖቼ አፍ ደጋግሜ እሰማለሁ። እውን እንዲህ ነውን? ተወልጄ ባደግሁበት በአንኮበር «ግላዊነት» የሚለውን ቃል የሚጠቀም ጥቂት ነው፤ «ገመና» የሚለውን የማያውቅ ግን የለም። ባልና ሚስት የተጣሉበት ጉዳይ ከሽማግሌ ጆሮ አያልፍም፤ ለነፍስ አባት የተነገረም ለጎረቤት አይነገርም። የሕዝባችን ጥያቄ «ምን ታወቀ?» ሳይሆን «ማን ሰማው?» የሚል ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚሰማው ድርሻ አለው።

ፌስቡክ ያፈረሰው ይህንኑ ድርሻ ነው። አገር ቤት እንደታዘብሁት፣ ለብዙ ሰው ገጹን የሚከፍትለት ስልክ የሚጠግነው ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም የሚመርጠው እርሱ ነው። አንድ አዛውንት ዘመዴን «አይሠጉም ወይ?» ብላቸው፣ «ምን ያሠጋኛል? አባቱን አውቀዋለሁ» አሉኝ። በእርሳቸው ሚዛን መልሱ ትክክል ነው። ልጁ ቢያጠፋ የሚከሰስበት አባትና ሽማግሌ አለ። ፎቶግራፋቸውን የተረከበው ኩባንያ ግን በአንኮበር አባትም ሽማግሌም የለውም።

የባለሥልጣን ዐይንንም ቢሆን ሕዝቡ ያውቀዋል። መንገድ ከመጀመራቸው በፊት የቴሌግራም መልእክታቸውንና ፎቶግራፋቸውን የሚሰርዙ ሰዎች አውቃለሁ። በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ደንግጓል፤ እነርሱ ግን አንቀጹን ሳይጠብቁ ገመናቸውን በጣታቸው ይጠብቃሉ። ይህ ግንዛቤ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ያልለመድነው ሌላ ጆሮ ነው፤ የማያውቀን፣ እኛም የማናውቀው ሰው ጆሮ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ትግራዊ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ተለጠፈ፤ የሚኖሩበት ሰፈርም ተጠቆመ። ጥቅምት 24 ቀን ከመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው በየነ።

ልብ በሉ፤ የፕሮፌሰሩ ሰፈር ምስጢር አልነበረም። ጎረቤት ያውቀዋል፣ ባልደረባ ያውቀዋል። በወዳጅ ጆሮ አድራሻ የነበረው በጠላት ጆሮ የሞት ጥሪ ሆነ። «ማን ሰማው?» የሚለው የአባቶቻችን ጥያቄ ኋላ ቀር ነው የሚል ይህን ያስተውል።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላል ያገሬ ሰው። አንኮበር ራሷ አፋፍ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚያ የተጣራ ድምፅ ወደ ቆላው ይወርድና ይጠፋል። ፌስቡክ ላይ የወጣ ግን አይጠፋም፤ በሰላም ቀን የተለጠፈ ፎቶግራፍ በጦርነት ቀን ይመዘዛል።

በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የብሔር ማንነትን የመሰለ መረጃ የተለየ ጥበቃ እንዲደረግለት ያዝዛል፤ የመቆጣጠሩንም ሥራ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። መልካም ነው። ነገር ግን የሕጉ አንዱ ምሰሶ የባለመረጃው ፈቃድ ነው። ለመሆኑ የእኒያ አዛውንት ፈቃድ የቱ ነው? ረጅሙን ውል አላነበቡትም፤ «እስማማለሁ» የሚለውን የተጫነላቸው ልጁ ነው።

ስለዚህ ሕዝቡን «ግንዛቤ የለውም» ብሎ መውቀሱ ይብቃ። እንደ እኔ እምነት፣ አዋጁ በገመና ቋንቋ ተተርጉሞ በዕድሩና በገበያው ሊነገር፣ ኩባንያዎቹም አቤቱታ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ሰምተው በጊዜው መልስ ሊሰጡ ይገባል። ሕዝቡ ገመናውን መጠበቅ ያውቅበታል፤ የሚያስፈልገው ማን እየሰማው እንደሆነ በግልጽ የሚነግረው ነው።

ቸር ይግጠመን።