የተራሮቻችን መጻሕፍት ጉና ሥር ይነበቡ

የድሮ ተጓዦች ስለ አገራችን ተራሮች የጻፏቸውን መጻሕፍት የሚያሰባስብ ሰው ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ካርታው አለ ወይ?» ታጥፎ በጥራዙ ውስጥ የሚቀመጠው ትልቁ ካርታ ብዙ ጊዜ ተገንጥሎ ለብቻው ይሸጣልና።

ዝርዝሩ ረጅም ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጄምስ ብሩስ ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ በ1790 ኤድንብራ ላይ ታተመ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ባሮሜትር ይዞ የሰሜንን ተራሮች ለካ። ፈረንሳውያኑ ፌሬና ጋሊንዬ በ1841 ራስ ደጀንን ወጡ። አንቷን ዳባዲ ደግሞ ዓመታት ሙሉ ከአምባ ወደ አምባ እያነጣጠረ የለካውን «ጂኦዴዚ ዴትዮፒ» በሚለው ሥራው አሳተመ። በዚያ ዘመን ከፍታ የሚለካበት አንዱ ዘዴ ውኃ ማፍላት ነበር፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ከ4,100 ሜትር በላይ በሆነው ጉና አናት ላይ 87 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ይንተከተካል።

ለእኛ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች ግን ከሁሉም በላይ የሚቀርበን የክሌመንትስ ማርካም መጽሐፍ ነው። ማርካም የጂኦግራፊ ሰው ነበር፤ ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ በ1869 የዘመቻውን ታሪክ አሳተመ። አፄ ቴዎድሮስ በ1867 መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ አስጎትተው፣ በጋይንት በኩል ጨጨሆን አልፈው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግረው መቅደላ የደረሱበትን ጉዞ ይተርካል። ቋጥኝ እየተፈለጠ፣ መንገድ እየተጠረገ ወራት የፈጀ ጉዞ ነው።

እነዚህን መጻሕፍት ሳነብ ደጋግሞ የሚያመኝ ነገር አለ። የተራራው ቁመት በቁጥር ተጽፏል፤ መንገዱን የመራው፣ በቅሎዋን የሳበው፣ የወንዙን መሻገሪያ ያሳየው ያገሬ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም። በስም መጥራት ይቻል እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው ሉዶልፍ ምስክር ነው፤ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ላይ ዕውቀቱን ያገኘው ከአባ ጎርጎርዮስ መሆኑን በስም ጽፏል።

ስለዚህ የኔ እምነት ይህ ነው። ስለ ተራራ የተጻፈ ብርቅ መጽሐፍ ሙሉ የሚሆነው ተራራው ሥር ሲነበብ ነው። የለንደን ሰብሳቢ ካርታው ያልተቀደደ የመጀመሪያ ዕትም ሊኖረው ይችላል። ሴባስቶፖል በየት ቁልቁለት እንደተጎተተ፣ ፈረንጁ አጣሞ የጻፈው የቦታ ስም የትኛው ጎጥ እንደሆነ ሊነግሩን የሚችሉት ግን የጨጨሆና የነፋስ መውጫ አባቶችና እናቶች ናቸው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ መጽሐፍ መውደድ ብራና ወደ መግዛት እንዳይወስደን። የታተመ የጉዞ መጽሐፍ መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፤ ከደብር የወጣ ብራና ግን የደብሩ ነው። የአብነት ትምህርት ቤቶቹ ቤተልሔምና ዙር አምባ የዜማ ትምህርት ያቆዩልን መጻሕፍታቸው ከመምህሩና ከደቀ መዝሙሩ ጋር አብረው ስለኖሩ ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን አዋጅ ቁጥር 209/1992ም (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ይከለክላል። በዚያ በእንግሊዝ ዘመቻ ከመቅደላ ከተወሰዱት ብራናዎች ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ናቸው፤ ያ ቁስል ይበቃናል።

ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። የብሩስም የማርካምም መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለለት። ስለ ቀዬአችሁ የሚያወሱትን ገጾች አትሙ፤ ክረምት ላይ አገር ቤት ስትገቡ ለሽማግሌዎች በአማርኛ አንብቡላቸው። የሚያርሙትንና የሚጨምሩትን በየኅዳጉ ጻፉ፤ የተናጋሪውንም ስም አስፈቅዳችሁ አስፍሩ። አንዱን ቅጂ ለወረዳችሁ ትምህርት ቤት ስጡ። ከዚህ በኋላ ስለ ጉናና ስለ ጨጨሆ የሚጻፍ መጽሐፍ መንገድ መሪዎቹን በስም ይጥራ።