ቀለምና ቸርኬ

ፈረስ በኮርቻው፥ ሰው በሸማው እንደሚታይ ሁሉ፥ በዛሬ ጊዜ መኪናም በቸርኬው ይታያል። አንድ መኪና ሰቆጣ ገብቶ በቆመ ጊዜ የባለቤቱን ትጋት ለመመርመር የሚፈልግ መንገደኛ ሞተሩን ከፍቶ ለማየት ስለማይቻለው ዐይኑን ወደ እግሩ ይጥላል። ቸርኬው ተልጦና ጭቃ ለብሶ ያገኘው እንደ ሆነ፥ «ይህስ ችላ የተባለ ነው» ይላል። የሚያበራ ከሆነ ግን፥ «እሰየው» ብሎ ይሳፈራል። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? ባለፈው የመንፈቅ ዕረፍት ያረጀ ቸርኬ በቤታችን ግቢ ስናድስ ያየሁትን በመተረክ፥ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ስለ ነገሩ ታሪክ ጥቂት ልበል። በአገራችን የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ቢድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን፥ ጊዜውም 1900 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና ሲበዛ የጋራዥ ቋንቋም አብሮ መጣ። ይህም ቋንቋ አብዛኛው ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ጎማ፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሽ፥ ካምቢዮ፥ ቡሎን፥ ዳዶ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ቸርኬም «ቼርኪዮ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ክብ ቀለበት ማለት ነው። ጎማ ጠጋኙን ጎሚስታ፥ የመኪና አካል ቀጥቅጦ የሚያቃናውን ባትላሜራ ማለታችንም ከዚያው የመጣ ነው።

ቸርኬ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከብረት ሉህ ተቆርጦ የሚሠራው፥ ሁለተኛው ደግሞ ከአሉሚኒየም ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈሰው ነው። አሉሚኒየም በቀድሞ ዘመን ከመሬት ተለይቶ ለመውጣት እጅግ ያስቸግር ስለ ነበረ እንደ ጌጥ ውድ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1886 አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፥ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፥ በኤሌክትሪክ ኃይል በቀላሉ የሚወጣበትን ብልኀት አገኙ፤ ዋጋውም ወረደ። በ1924 ቡጋቲ የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ «ዓይነት 35» የሚባለውን የእሽቅድምድም መኪናውን በአሉሚኒየም መንኰራኵር አቆመው። ዛሬ የሚሠራው ቸርኬ አሉሚኒየም ከሲሊኮንና ከጥቂት ማግኒዚየም ጋር የተቀላቀለበት ነው። ቀላልና መልከ መልካም ነው፤ ነገር ግን የብረቱ ቸርኬ ጕድጓድ ሲመታው ሲጣመም፥ ይህኛው ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህን አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ።

የእናቴ ወንድም በአንድ ሚኒባስ ሰው እያመላለሱ ይተዳደራሉ። ከሰቆጣ ወደ አምደ ወርቅ፥ አንዳንድ ጊዜም ወደ ላሊበላ ይሄዳሉ። የዋግን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፥ አገራችን ሜዳዋ ጥቂት፥ ዳገቷና ቍልቍለቷ ብዙ ነው። ጠጠሩ ዕለት ዕለት ቸርኬውን ይመታዋል። የላዩ ጥርት ያለ ሽፋን አንድ ጊዜ ከተቧጨረ ውኃና እርጥበት ከሥሩ ይገባና አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ እንደ ትል መንገድ ይቦረቦራል። አራቱ ቸርኬዎች፥ ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ያገለገሉ ሆነው የተገዙ ስለ ሆኑ፥ ከዚህ ደረጃ ደርሰው ነበር።

ጥር የሠርግ ወር ነው። አጎቴም በወሩ መጨረሻ ሙሽራና ሚዜዎችን ለማጓጓዝ ቀብድ ተቀብለው ነበርና፥ «ልጄ፥ መኪናይቱ በዚህ እግሯ ሠርግ ቤት አትሄድም። አንተም ዕረፍት ላይ ነህ፤ እኛው በእጃችን እንቀባዋለን» አሉኝ። እኔም ደስ እያለኝ እጅጌዬን ሰበሰብሁ።

የሥራው አጀማመር እንዲህ ነው። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ በቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረጋል። ዳዶዎቹ መኪናው ገና መሬት ሳለ ጥቂት ይላላሉ፤ ከዚያ በኋላ በክሪክ ይነሣል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ሰው ፈጽሞ መግባት የለበትም። ቸርኬው ከወጣ በኋላ ፊቱም ጀርባውም በሞቀ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ጀርባው ከፍሬን የሚወጣ ጥቁር ትቢያ የሚጋገርበት ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው አይታይም ብሎ ይተወዋል። አጎቴ ግን፥ «የማይታየውን ያላጠበ የሚታየውን አላጠበም» ብለው ስላዘዙኝ አራቱንም ገልብጬ በብሩሽ ፈተግሁ።

በሦስተኛው ቸርኬ ጀርባ፥ ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚገባ፥ ከፀጕር የማይወፍር፥ ርዝመቱም አውራ ጣት የሚያህል መስመር አየሁ። ጭረት መሰለኝ፤ በጥፍሬ ስሞክረው ግን ስንጥቅ ይመስላል። አጎቴን ጠራኋቸው። እርሳቸውም ዐይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ ብዙ ጊዜ ተመለከቱትና ዝም አሉ።

በዚህ ጊዜ ጎረቤቶች ተሰብስበው ምክር መለገስ ጀመሩ። አንዱ፥ «ይህማ ምን አላት? ስቱኮ ሙላባትና ቀባት፤ ማን ያያታል?» አለ። ሌላው ደግሞ፥ «ብየዳ ቤት ውሰደው» አለ። ሦስተኛውም፥ «ጭረት ነው፤ ልጁ መጽሐፍ ስላነበበ ነው ነገር የሚያበዛው» ብሎ ሳቀ። አንድ ቸርኬ መግዛት ቀላል አለመሆኑን፥ የሠርጉም ቀን ስድስት ቀን ብቻ እንደ ቀረው ሁላችንም እናውቅ ነበርና፥ ምክሩ ሁሉ ጆሮ የሚገባ ነበር።

አያቴ ይህን ሁሉ ከደጃፍ ሆነው ሲሰሙ ቆዩና፥ «ድስት ስገዛ በጣቴ መትቼ ነው የምገዛ፤ ደኅነኛው ይጮኻል፥ የተሰነጠቀው ያቃስታል» አሉ። እኛም ቸርኬው ጎማ ስለ ለበሰ ድምፁ የሚታመን አልሆነልንም። ይሁን እንጂ ነገሩ በማስረጃ መፈተን እንደሚገባው ከንግግራቸው ገባኝ። በሳይንስ ትምህርታችን ፈሳሽ ነገር በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ራሱን እየሳበ እንደሚገባ ተምረናል፤ የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ የሚስበውም በዚሁ ሕግ ነው። በአውሮጳ የምድር ባቡር ሠራተኞችም የሠረገላ ብረት መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በዘይትና በነጭ ዱቄት ይመረምሩ ነበር። ስለዚህ ከደብተሬ ቦርሳ ስብርባሪ ጠመኔ፥ ከጓዳም ጥቂት ላምባ አመጣሁ።

መስመሩን በላምባ ቀባነውና ግማሽ ሰዓት ያህል ተውነው። ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ፈጽመን ጠረግነውና የተፈጨውን ጠመኔ በስሱ ነሰነስንበት። ጭረት ቢሆን ኖሮ ላምባው በጨርቁ ተጠርጎ ባለቀ፥ ጠመኔውም ነጭ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ቈይቶ በነጩ ዱቄት ላይ አንድ ጥቁር መስመር ብቅ አለ። እየረዘመም ሄዶ እኛ በዐይናችን ካየነው እጥፍ ሆነ። ስንጥቁ የጠጣውን ላምባ መልሶ ሲተፋው ነበር። ይህን ጊዜ ስቁም ምክሩም ቆመ።

ስቱኮ ቀዳዳ ይሞላል እንጂ ኃይል አይሰጥም። ብየዳም ቢሆን፥ ቸርኬው በፋብሪካ በእሳት ተመጥኖ የጠነከረ ስለ ሆነ፥ በተበየደበት ዙሪያ ያለው ጥንካሬውን ያጣል። አጎቴ ቸርኬውን አንሥተው ለብቻው ካቆሙት በኋላ፥ «እኔ ቀለም ቀብቼ ብሸፍነው ገደሉ ግን ያውቀዋል» አሉ። ወዲያውም ትርፉን የብረት ቸርኬ ከመኪናው ሥር አወረዱና በቦታው እንዲገባ አዘዙ። ለመንገዱ ትርፍ እንዳያጡ ደግሞ ከአንድ የሥራ ጓደኛቸው ተዋሱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለሰው ብቻ አለመሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ።

የቀሩትን ሦስቱንም ጠርዛቸውንና ጀርባቸውን በጠመኔና በላምባ ፈትነን ደኅና መሆናቸውን ካረጋገጥን በኋላ ቀለሙን ጀመርን። የተቦረቦረውን በ120 ቍጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈቅን፤ ቀጥሎ በ240፥ በመጨረሻም በ400ና በ600 ቍጥር ውኃ እያስነካን አለሰለስን። ከዚያ በቲነር ጠርገን በጣታችን ሳንነካው አደረቅነው፤ የእጅ ቅባት ቀለም አያስይዝምና። ጎማው ቀለም እንዳይነካው ያሮጌ ደብተር ልባስ በካርታ መጠን እየቆረጥሁ በጎማውና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ዙሪያውን ሰካሁ። የነፋሱ መግቢያም በወረቀት ፕላስተር ተሸፈነ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ግን ዳዶው የሚቀመጥበትንና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበትን ፊት መሸፈን ነው። በዚያ ቦታ ቀለም ከገባ፥ በጊዜ ብዛት እየተደቈሰ ሲያልቅ ዳዶው ይላላል።

አሉሚኒየም ነፋስ ሲነካው ወዲያው ስስ ሽፋን ስለሚያወጣ ተራ ቀለም በላዩ አይጸናም። ስለዚህ አስቀድሞ ለአሉሚኒየም የሚሆን መሠረት ቀለም ይረጫል። ጥር ጧቱ ብርድ፥ ከሰዓት በኋላው ነፋስና አቧራ ስለ ሆነ፥ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለውን ጊዜ መረጥን፤ መሬቱንም አቧራ እንዳይነሣ ውኃ ረጨንበት። የቀለሙ ቆርቆሮ በደንብ ከተናጠ በኋላ ከቸርኬው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፥ እጅ ሳይቆም ከወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ይረጫል። አንድ ጊዜ አወፍራለሁ ያለ ሰው ቀለሙ እንደ እንባ ይወርድበታል፤ የቸኰለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው። እኛ መሠረቱን ሁለት ጊዜ፥ ብርማውን ቀለም ሦስት ጊዜ፥ ጥርት ያለውን መሸፈኛ ሁለት ጊዜ፥ በየመካከሉ ሩብ ሰዓት እየጠበቅን ረጨን። ቶሎ ይድረቅ ብሎ እሳት ማስጠጋት ግን ክልክል ነው፤ የቀለሙ ትንፋሽም ቆርቆሮውም ይቀጣጠላሉና።

ስለ ጤናም አንድ ነገር ልጨምር። ቀለም ቀቢዎች ከሥራ በኋላ ወተት ቢጠጡ የቀለሙ ሽታ እንደማይጐዳቸው ብዙ ሰው ያምናል። ነገር ግን ወተቱ ወደ ሆድ፥ የቀለሙ ትንፋሽ ወደ ሳንባ ስለሚሄድ አይገናኙም። መፍትሔው አፍና አፍንጫን ለዚህ ሥራ በተዘጋጀ መሸፈኛ መከለልና ከቤት ውጭ መሥራት ነው። ወተቱን ግን ለደስታ መጠጣት ይቻላል፤ እኛም አያቴ ያቀረቡልንን አልመለስንም።

ሦስቱ ቸርኬዎች አንድ ሙሉ ቀን ደርቀው ገቡ። ዳዶዎቹ በዙሪያ ሳይሆን ተቃራኒ ተቃራኒው እየተመረጠ ጠበቁ። የአሉሚኒየሙ ዳዶ ጠፍጣፋ ቀለበት ያለው፥ የብረቱ ግን ጫፉ ሾጠጥ ያለ ስለ ሆነ፥ አጎቴ የቀድሞዎቹን ዳዶዎች አስቀምጠው ስለ ነበር ለብረቱ እነርሱን ተጠቀሙ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላም እንደ ገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

በሠርጉ ዕለት መኪናይቱ ሦስት የሚያበሩ እግሮችና አንድ ጥቁር እግር ይዛ ሄደች። ሚዜዎቹም፥ «አንዱን ጫማ የት ጣለችው?» እያሉ ቀልደዋል። አጎቴ አብረው ሳቁ እንጂ አልተከራከሩም። ቍልቍለቱን ወርደው፥ ሙሽሮቹንና አጃቢዎቹን በሰላም አድርሰው ተመለሱ። ለእኔ ከሦስቱ ብርማዎች ይልቅ ያ ጥቁሩ አማረኝ፤ ስለ ሰው ነፍስ ሲባል መልክ የተናቀበት ምልክት ነውና።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሚባልለት ነገር በመኪናም አለ። ይሁን እንጂ ቀለም የተናቀ ነገር አይደለም። በትክክል የሚቀባ ሰው አስቀድሞ ማጠብ፥ መፋቅና መመርመር አለበትና፥ መልካም ቀቢ መልካም መርማሪ ነው። ከእኛም መካከል ይህን የመሰለውን የእጅ ሥራ ዝቅ አድርጎ የሚመለከት አይጠፋም። ያችው አውቶሞቢል በገባችበት በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ባለ እጆችን የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ መከልከላቸውን ግን ማስታወስ ይገባል። ወላጆቻችን ልጆቻቸው መፍቻ ሲይዙ ትምህርት ያቋረጡ አይምሰላቸው። መምህሮቻችንም ጠመኔው ከሰሌዳው ወርዶ ቸርኬ ስለመረመረ ደስ ይበላቸው። የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ በመጪው ክረምት ሰቆጣ በምትቀሩበት ጊዜ በደጃችሁ የቆመ መኪና፥ ጋሪ ወይም ብስክሌት ቢኖር፥ ከቀለሙ በፊት ጨርቅና ውኃ ይዛችሁ ጀርባውን እዩ።