ከጫካ የመጣችውን ድመት ወደ ሐኪም ስናደርስ

ሰው ሲፈራ ወይ ይሮጣል፣ ወይ ይደበቃል፣ ወይ ይማታል። ድመትም እንደዚሁ ናት። ልዩነቱ ድመት «ፈራሁ» ብላ መናገር አለመቻሏ ነው። ስለዚህ ስትቧጭረን «ይቺ ክፉ!» እንላለን። ክፋት ግን አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንዲት ድመት ነው። አንዳንዶቻችሁ ትስቁ ይሆናል። «ስለ በሬና ስለ ላም ሲጻፍ እሺ፤ ስለ ድመት ደግሞ ምን ይጻፋል?» ትሉ ይሆናል። ሳቁ፤ ግን አንብቡ። ነገሩ የጎተራን እህል፣ የልጆችን ጤናና አንድ ክፉ በሽታን ይነካል።

እኛ ሁለት አስተማሪዎች በሰሜን ሸዋ ደጋ በአንዲት እናት ቤት አርፈናል። እማማ እንላቸዋለን። ማታ ማታ ከእኛ ጋር ይማራሉ፤ ፊደሉን ጨርሰው አሁን ቃል ማንበብ ጀምረዋል። በቤታቸው አንዲት ግራጫ ድመት አለች። ይህች ድመት በሰው እጅ አላደገችም። ከባሕር ዛፉ በታች ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ተወልዳ፣ ወፍና አይጥ እየያዘች፣ ሰው ስታይ እየሸሸች ነው የኖረችው። አምና እህል ሲገባ አይጥ ተከትላ ወደ ጎተራው መጣች። እማማ አላባረሯትም። በተሰበረ የምጣድ ገል ላይ ትርፍራፊ እያደረጉ ጎተራው ሥር ያስቀምጡላት ጀመር። ቀስ በቀስ ቀረበች። አሁን እማማን ታምናለች። የልጅ ልጃቸውን፣ የአራት ዓመቷን ሕፃንም ታምናለች። ሌላ ሰው ከመጣ ግን የለችም፤ ጎተራው ሥር ገብታለች።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። ተረቱ ለሰው የተነገረ ስለሆነ ለሰው ይሁን። ለድመት ግን ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ድመት በተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ድረስ ባለው ጊዜ የሰው እጅ ከለመደች፣ ካደገችም በኋላ ሰውን ብዙ አትፈራም። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላም መልመድ ትችላለች፤ ነገር ግን ወራት ይፈጃል። የምትለምደውም አንድ ሁለት ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። የእማማ ድመት እንደዚያ ናት።

በሐምሌ መጨረሻ በጎረቤት ቀበሌ ያበደ ውሻ ታየ ተባለ። መንደሩ ተሸበረ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም፣ ከብትንም፣ አህያንም፣ ሰውንም ይይዛል። በሽታው የሚኖረው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። እንስሳው ሲነክስ ወደ ሥጋ ይገባል፤ ከዚያም በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ ሞት እንጂ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን በክትባት መከላከል ይቻላል። ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ በ1877 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1885) በእብድ ውሻ ለተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ክትባት ሰጠው፤ ልጁም ዳነ። አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝቡ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የጤና ተቋም ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው።

እንግዲህ በመንደሩ ምክር ተያዘ። አንድ አባት «ድመቱንም ውሻውንም ማስወገድ ነው» አሉ። እማማ ዝም ብለው ቆዩና «አይጡንስ እርስዎ ሊይዙልኝ ነው?» አሏቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የእማማ ጎተራ ውስጥ ያለው ገብስ ለምግብም ለዘርም የተቀመጠ ነው። የአይጥ መርዝ እንዳይበትኑ ደግሞ ሕፃን በቤት አለች። ድመቷን ማጣት አልፈለጉም። ያች ሕፃን ካልተከተበች ድመት ጋር ስትጫወት ማየትም አልፈለጉም።

መልካሙ ነገር፣ ከ10 ቀን በኋላ በእንስሳት ጤና ኬላው ለውሻና ለድመት ክትባት እንደሚሰጥ ተነገረ። ኬላው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ውሻውስ በገመድ ይሄዳል። ድመቷን ማን ይይዛታል?

አንድ የጎረቤት ጎረምሳ «አምና የእኛን ድመት በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ ልወስዳት ነበር» አለና ክንዱን አሳየን። ከክርኑ እስከ አንጓው ጠባሳ ነው። ድመቲቱ ከረጢቱን ቀዳ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቤት አልተመለሰችም። (በነገራችን ላይ፣ ድመትም ሆነ ውሻ ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉ ላይ ቅጠልም አፈርም አታድርጉ።) ሌላው «አረቄ አቅምሷትና ትተኛለች» አለ። አንዷ ደግሞ የራስ ምታት ክኒን እንስጣት አለች። እንዴ! አረቄ ለድመት መርዝ ነው። ፓራሲታሞል የሚባለው ክኒንም፣ ለእኛ መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ ድመትን አንዱ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል።

እኛ የመረጥነው መንገድ ረጅም ነው፤ ግን ማንም አይደማበትም። ክዳን ያለው የዶሮ መውሰጃ ቅርጫት ተዋስን። አጥበን፣ በፀሐይ አድርቀን፣ ክዳኑን ከፍተን ጎተራው አጠገብ አስቀመጥነው። ውስጡ እማማ የለበሱትን አሮጌ ነጠላ አነጠፍን። ነጠላው ሳይታጠብ ነው የገባው። ድመት ዓለምን የምታውቀው ይበልጡን በአፍንጫዋ ነውና፣ የእማማ ሽታ ባለበት «ይህ ቤቴ ነው» ትላለች። ታጥቦ የሳሙና ሽታ ቢይዝ ኖሮ ለእርሷ የማታውቀው ጨርቅ ይሆንባት ነበር።

ሁለት ቀን ዞረችው። አሸተተችው፤ ሸሸች፤ ተመለሰች። ማንም አልነካትም፤ ማንም «ግቢ! ግቢ!» አላላትም። በሦስተኛው ቀን ገሉን ከቅርጫቱ አፍ ላይ አደረግነው። በማግሥቱ ትንሽ ወደ ውስጥ። እዚህ ላይ አንድ ችግር ገጠመን። የፍልሰታ ጾም ገብቷል። በቤቱ ሥጋ የለም፤ ወተትም አይቀመስም። ድመት ደግሞ በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት፤ ሽሮና እንጀራ አይበቃትም። እማማ አሰቡ፣ አሰቡና «እኔ ጾመኛ ነኝ፤ እሷን ማን ጹሚ አላት?» ብለው በየቀኑ አንድ እንቁላል ይቀቅሉላት ጀመር። እንቁላሉን ሲልጡ እጃቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ። ጎረቤት እንዳያይ በሩን ገርበብ ያደርጉ ነበር፤ ይህን ስንጽፍ ግን ፈቅደውልናል።

በአምስተኛው ቀን ድመቷ ሙሉ በሙሉ ቅርጫቱ ውስጥ ገብታ በላች። በስድስተኛው ቀን በልታ እዚያው ተኛች። እማማ ክዳኑን ቀስ ብለው ከደኑና አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደግሙ ቆይተው ከፈቱላት። ወጣች፤ ግን አልሮጠችም። ከዚያ በየቀኑ ጊዜውን ጨመርን። በስምንተኛው ቀን ቅርጫቱን አንሥተን በግቢው ዞርን፤ በዘጠነኛውም እንደዚሁ።

እኛ ለእርሷ እንግዶች ነንና አቀማመጣችንንም ተማርን። ፊት ለፊት አንቆምባትም፤ ጎናችንን ሰጥተን መሬት ላይ እንቀመጣለን። ዓይን ዓይኗን አናይም። በድመት ዘንድ ዓይን ላይ ማፍጠጥ የጠብ ነገር ነው። ስታየን ቀስ ብለን ዓይናችንን እንጨፍንና እንገልጣለን። ጆሮዋን ወደ ኋላ ከለጠፈች፣ የዓይኗ ብሌን ከሰፋ፣ ጅራቷን መሬት ላይ ከመታች፣ «ተዉኝ» ማለቷ ነው፤ እንተዋታለን። ውሻ ጅራቱን ሲቆላ ደስ ብሎት ሊሆን ይችላል፤ የድመት ጅራት ግን ሌላ ቋንቋ ነው። ሕፃኗ ይህን ከእኛ ቀድማ ነው ያወቀችው። «አሁን ተቆጥታለች» ትለናለች፤ እውነቷን ነው። እማማ ይህን ሁሉ አዩና «እንግዳን እጁን ይዘው አይጎትቱትም፤ ወንበር ሰጥተው ዞር ይሉለታል» አሉ። እኛ ብዙ ደክመን ያስረዳነውን በአንድ ቃል ጨረሱት።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ምግብ አልተሰጣትም፤ በመንገድ እንዳያስታውካት ነው። እንቁላሉን ስትጠብቅ ራሷ ቅርጫቱ ውስጥ ገባች። ክዳኑ ተከደነ፤ በገመድ ታሰረ። ዝናብ ነበርና ቅርጫቱን በጋቢ ሸፈንነው፤ ለትንፋሽ በአንድ ጎን ክፍት ተውን። ሽፋኑ ለዝናብ ብቻ አይደለም። የማታየው ነገር ብዙም አያስፈራትም። ቅርጫቱን በእጅ አንጠልጥሎ ማወዛወዝ ያስደነግጣታል፤ ስለዚህ ደረታችን ላይ አቅፈን ተራ በተራ ተሸከምናት። መጀመሪያ ጮኸች። ወንዙን ስንሻገር ዝም አለች።

ኬላው ደጃፍ ላይ ውሾች ሞልተው ይጮኻሉ። እኛ ወደዚያ አልተጠጋንም። ከኋላ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ቅርጫቱን ከፍ አድርገን አስቀመጥነው። ድመት መሬት ላይ ከመሆን ከፍታ ላይ መሆን ትመርጣለች። ተራችን ሲደርስ እማማ ባለሙያውን «ልጄ፣ ይህች ከጫካ የመጣች ናት፤ አታውጣት» አሉት። ጥሩ ሰው ነው፤ ሰማቸው። ክዳኑን በከፊል ብቻ ከፈተ። እማማ በነጠላው እንደተሸፈነች በሁለት እጃቸው ያዟት። ራሷ አልታየም፤ የታየው የጀርባዋ ቆዳ ብቻ ነው። ባለሙያው ቆዳውን ከፍ አድርጎ መርፌውን ወጋ። ክዳኑ ተመለሰ። እኛ ሰከንድ ስንቆጥር ነበር፤ 20 ሳንደርስ አለቀ። የ10 ቀን ሥራ ለ20 ሰከንድ! ግን በማንም ላይ አንድ ጭረት የለም።

ባለሙያው ክትባቱ መከላከያ እስኪሆናት ጥቂት ሳምንታት እንደሚፈልግና በዓመቱ እንደሚደገም ነገረን። ከዚያ ካርድ ጻፈ። ካርዱን ለእኛ ሊሰጠን እጁን ዘረጋ። እማማ ቀደም ብለው ተቀበሉት፤ ወደ ብርሃኑ አዙረው በጣታቸው እየተከተሉ «ድ... መ... ት» አሉ። ቀጥለው ቀኑን አነበቡ። የሚመለሱበትን ዓመት ሲያነቡ አንዱን ቁጥር ጠየቁን፤ ሌላውን ራሳቸው ተወጡት።

ቤት ስንደርስ ቅርጫቱን ጎተራው ሥር አስቀምጠን፣ ክዳኑን ከፍተን ወጣን። ያን ቀን አልታየችም። ሕፃኗ ልትጠራት ስትል እማማ ከለከሏት። በማግሥቱ ማታ፣ ትምህርት ላይ ሳለን፣ ገሉ ሲንቀሳቀስ ሰማን። ማንም ዘወር ብሎ አላየም። ካርዱ ከግብር ደረሰኙ ጋር በሙዳዩ ውስጥ ተቀምጧል። ቅርጫቱን ደግሞ ጎረምሳው መጥቶ ወስዶታል፤ አዲስ ድመት አምጥቷል።